ስቴሮይድ ሲጨመር የባሰበት አፍ፦ በፔምፊገስ ላይ የተደረበ ሄርፒስ

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

የአፍ ውስጥ ሽፋንን ለዓመታት የሚያቆስሉ በሽታዎች አሉ። ፔምፊገስና ላይከን ፕላነስ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ሁለቱም የሚነሱት የሰውነት መከላከያ በራሱ ሽፋን ላይ ሲዞር ነው። ሁለቱም በአብዛኛው መከላከያውን በሚያዳክመው መድኃኒት፣ በስቴሮይድ ይታከማሉ። ታካሚው እየተሻለው ቆይቶ በድንገት ሲብስበት፣ መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው «በሽታው አገረሸ» የሚለው ነው። ስለዚህ ስቴሮይዱ ይጨመራል። ብዙ ጊዜ ልክ ነው። እዚህ የምጽፈው ልክ ስላልሆነበት አንድ ጊዜ ነው።

ጉዳዩ ያጋጠመው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ነው። የታካሚዋ ማንነት እንዳይታወቅ ጥቂት ዝርዝሮች ተቀይረዋል። የተጠቀሱት የመድኃኒት መጠኖች ለእሳቸው ክብደትና ሁኔታ የተሰሉ ናቸው። ለሌላ ሰው ማዘዣ አይሆኑም።

ታካሚዋ

ከአዲስ አበባ ውጭ ባለች ከተማ እህል የሚነግዱ፣ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ያሉ እናት ናቸው። ስኳርም ግፊትም የለባቸውም። ሕመሙ የጀመራቸው በአፍ ነው። ጉንጫቸው ከውስጥ ይላጣል፣ ድዳቸው ይደማል፣ ትኩስ ነገር አይቀመስም። ለወራት የዞሩት ብዙ ሰው የሚዞረውን ነው። ፋርማሲ ሄዱ፤ አሞክሲሲሊንና ሜትሮኒዳዞል ተሰጣቸው። ክሊኒክ ሄዱ፤ ፈንገስ ነው ተብሎ ኒስታቲን ታዘዘ። ጥርስ ሐኪም ጋ ሄደው ጥርሳቸው ታጠበ። በመሃል ጸበልም ነበር። የትኛውም ጠብ አላለላቸውም። ወደ ቆዳ ሐኪም የተላኩት ጀርባቸውና የራስ ቆዳቸው ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ወጥቶ መፈንዳት ሲጀምር ነው።

ይህ መዘግየት የተለመደ ነው። ፔምፊገስ ቫልጋሪስ ከግማሽ በላይ በሆኑት ታካሚዎች ላይ ከአፍ ይጀምራል። ቆዳው ወራት ዘግይቶ ሊከተል ይችላል። ምክንያቱ ዴስሞግሊን 3 የሚባል ፕሮቲን ነው። ሕዋስን ከሕዋስ ጋር አያይዞ የሚይዘው እሱ ነው። የአፍ ሽፋን በዋናነት የሚተማመነው በእሱ ላይ ነው። ሰውነት በዚህ ፕሮቲን ላይ ፀረ እንግዳ አካል ሲያመርት ቀድሞ የሚላቀቀው አፍ ነው። አፍ ውስጥ ደግሞ ውሃ የቋጠረው ሳይታይ ይፈነዳል። ሐኪሙ የሚያገኘው የተላጠ ቦታ ብቻ ነው።

ከቁስሉ ጠርዝ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ የታየው ናሙና (ባዮፕሲ) ነገሩን ለየ። ሽፋኑ የተሰነጠቀው ከታችኛው የሕዋስ ረድፍ በላይ ነበር። የታችኞቹ ሕዋሳት ብቻቸውን ተደርድረው ቀርተዋል። ፓቶሎጂስቶች ይህን «የመቃብር ድንጋይ ረድፍ» ይሉታል።

ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት የሚደረገው ሁሉ ተደረገ። ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ ስኳር፣ የደረት ራጅ፣ የሰገራ ምርመራ። ስትሮንጊሎይድስ የሚባለው የአንጀት ትል በስቴሮይድ ሥር መላ ሰውነትን ሊወር ስለሚችል ኢቨርሜክቲን ተሰጣቸው። ዝርዝሩ ጥሩ ነበር። ሄርፒስ የሚባለው፣ ከንፈር ላይ ውሃ የሚቋጥረው ቫይረስ ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ በብዙ ቦታም አይኖርም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ50 ዓመት በታች ካለው የዓለም ሕዝብ ወደ 64 ከመቶ የሚሆነው ሄርፒስ ሲምፕሌክስ 1 በሰውነቱ ውስጥ እንዳለ ይገምታል። ይህን ያህል ሰው ያለበትን ነገር መመርመር ትርጉም አልባ ይመስላል። በደም መመርመሩ እውነትም ብዙ አይጠቅም። መጠየቁ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሕክምናው በቀን 60 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ስቴሮይድና 100 ሚሊግራም አዛታዮፕሪን የሚባለው ሌላ መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ሆኖ ተጀመረ። የተገኘው ፕሬድኒሶሎን ባለ 5 ሚሊግራሙ ነው። ስለዚህ ልጃቸው በየማለዳው 12 እንክብል መዳፏ ላይ ቆጥራ ትሰጣቸው ነበር። ብዛቱ ያስደነግጣል። ቢሆንም ስቴሮይድ ከመገኘቱ በፊት የዚህ በሽታ ታካሚዎች አብዛኞቹ ይሞቱ እንደነበር መርሳት የለብንም። በዚህ ጽሑፍ ስቴሮይድን የምከስ የሚመስለው አንባቢ ካለ እዚህ ላይ ይረፍ።

የባሰበት ጊዜ

ቆዳው በሦስተኛው ሳምንት ደረቀ። አፉ ቀስ ብሎ ተከተለ። በአጥሚት የጀመሩት እናት እንጀራ በአልጫ መብላት ቻሉ። ፕሬድኒሶሎኑ በየሁለት ሳምንቱ እየተቀነሰ 40 ሚሊግራም ላይ ደረሰ።

እዚያ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ላንቃቸው፣ ምላሳቸውና ከንፈራቸው ቆሰለ። ሕመሙ ከመጀመሪያው ጊዜ የከፋ ነበር። ምራቃቸውን መዋጥ አቃታቸው። ቀለል ያለ ትኩሳትም ነበራቸው። መድኃኒት በተቀነሰ ማግስት የመጣ በመሆኑ ግርሻት ነው ተባለ። ፕሬድኒሶሎኑ ወደ 60 ተመለሰ። አልቀነሰላቸውም። ወደ 80 ከፍ አለ። ይህኔ ይበልጥ ባሰ።

ምላሳቸው ላይ ነጭ ነገር ስለታየ ፈንገስ ተጠርጥሮ ፍሉኮናዞል ተጀመረ። ነጩ ጠፋ። ቁስሉ እዚያው ነው። አንድ እውነተኛ ችግር ተገኝቶ ሲታከም ሌላ ፍለጋ ይቆማል። የፈንገሱ መገኘት ለጥቂት ቀናት እንዲህ ያለ መዘናጋት የፈጠረ ይመስለኛል። አምስት ኪሎ ቀንሰው፣ መጠጣት ሲያቅታቸው ሆስፒታል ተኙ።

ምን አስጠረጠረ

እኔ የተጠራሁት ሁለተኛ ባዮፕሲ ከአፋቸው ለመውሰድ ነበር። አራት ነገሮች አልገጠሙልኝም።

የመጀመሪያው ቆዳው ነው። ፍጹም ንጹሕ ነበር። አፍ ብቻውን ሊያገረሽ ይችላል፤ በፔምፊገስ አዲስ ነገር አይደለም። ሆኖም አፉ እንዲህ ተቃጥሎ ጀርባው ላይ አንድም አዲስ ነገር አለመኖሩ ያሳስባል።

ሁለተኛው የቁስሉ መልክ ነው። እዚህ ላይ ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የፔምፊገስ ቁስል ሰፊ ነው። ጠርዙ የተቀደደ ይመስላል። የላላ ሽፋን በዳሩ ይንጠለጠላል። ግራ ጉንጫቸው ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ ነበር፤ በመዳን ላይ ያለ። ላንቃቸው ላይ ያለው ግን ሌላ ነው። ከምስር ፍሬ ያነሱ፣ ክብ፣ ቢጫ መሐል ያላቸውና በቀይ የተከበቡ ቁስሎች በአንድ አካባቢ ተሰባስበዋል። አንዳንዶቹ ተገናኝተው ተለቅ ያለ ቁስል ሠርተዋል። የዚያ ቁስል ጠርዝ ግማሽ ክብ በግማሽ ክብ እየተቀጣጠለ ይሄዳል። ትንንሾቹ ክቦች የተዋሃዱበት ምልክት ነው።

ሦስተኛው ቦታው ነው። ሄርፒስ ጤነኛ ሰው አፍ ውስጥ ተመልሶ ሲነሳ የሚመርጠው ጠንካራውን ላንቃና ከጥርስ ጋር የተጣበቀውን ድድ ነው። መከላከያው በመድኃኒት የተዳከመ ሰው ላይ ግን ምላስንም ጉንጭንም አይምርም። የእሳቸው ጠንካራ ላንቃም ምላስም ቆስሏል።

አራተኛውን የነገሩን ራሳቸው ናቸው። መናገር ስለሚያማቸው ልጃቸው ነበረች የምትመልስልን። ከዚህ በፊት ከንፈራቸው ላይ እንዲህ ይወጣባቸው እንደሆነ ስጠይቅ እናትየው እጃቸውን አነሱ። «ምች ነው እኮ የመታኝ፤ ለሲስተሯም ነግሬያታለሁ» አሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ፀሐይ ሲበዛባቸው ወይም ሲያተኩሳቸው ከንፈራቸው ዳር ይነዝርና ውሃ ይቋጥራል። አፋቸው ከመባሱ ሁለት ቀን በፊትም ነዝሯቸው ነበር። ልጅቷ ዳማከሴ ጨምቃ ቀብታቸዋለች። ካርዳቸው ላይ የተጻፈው ግን «ከንፈር ላይ ቅርፊት» ብቻ ነው። የፔምፊገስ ታካሚ ከንፈር ብዙ ጊዜ ቅርፊት አለው፤ ማንም አላስተዋለውም።

ሰው ምች የሚለው ሁሉ ሄርፒስ አይደለም። ራስ ምታቱም፣ ላቡም፣ ብርድ ብርድ ማለቱም በዚያው ስም ይጠራል። ከንፈር ላይ ተሰብስቦ የሚወጣው፣ በየጊዜው በአንድ ቦታ የሚመላለሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ቫይረሱ በመጀመሪያው ጊዜ ከገባ በኋላ ከሰውነት አይወጣም። የፊትን ስሜት በሚያስተላልፈው ነርቭ ቋጠሮ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል። ትኩሳት፣ ፀሐይ፣ ድካም፣ ወይም መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ሲቀሰቅሰው በነርቩ ወርዶ ይወጣል።

በአንድ ስላይድ ላይ ሁለት በሽታ

ባዮፕሲው ቆየ። በምትኩ ከቁስሉ የተፋቀ ሕዋስ በማይክሮስኮፕ የሚታይበትን የዛንክ ምርመራ አደረግን። አሮጌ ዘዴ ነው። ብዙ ወጣት ሐኪሞች በመጽሐፍ እንጂ በእጃቸው አያውቁትም። የቫይረሱን ዘረመል የሚፈልገው ፒሲአር የተሻለ መሆኑ አያከራክርም። ቤተሰቡ ግን ለመድኃኒቱም ገንዘብ እያፈላለገ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቦታ መምረጡ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በነጭ ጨርቅ መሳይ ነገር የተሸፈነ አሮጌ ቁስል ቢፋቅ የሚገኘው መግልና ባክቴሪያ ነው። ላንቃቸው ላይ ከአንድ ቀን በፊት የወጣ አዲስ ቁስል መረጥን። ሊዶኬይን ጄል ተቀባ። ላዩ በእርጥብ ጎዝ ተጠረገ። ከዚያ ወለሉ በምላጭ ጀርባ በቀስታ ተፋቀ። የተገኘው በስላይድ ላይ በስሱ ተቀብቶ በአየር ደረቀ። የተቀለመው በጊምሳ ነው። ይህ ወባ ለማየት በየጤና ጣቢያው የሚሠራበት ቀለም ነው። ከምላጭ፣ ከስላይድና ከማይክሮስኮፕ ሌላ ምንም አልተጠየቀም።

ፓቶሎጂስቱ በዚያው ቀን አየው። ስላይዱ ላይ ሁለት ዓይነት ሕዋስ ነበር። አንደኛው ብቻውን የተላቀቀ፣ ክብ፣ ትልቅ አስኳል ያለው ነው። ይህ የፔምፊገስ ምልክት ነው፤ በጥቂቱ ይጠበቅ ነበር። ሁለተኛው ግን ግዙፍ ሕዋስ ነው። በውስጡ ብዙ አስኳሎች ተጨናንቀው አንዱ በሌላው ቅርጽ ተጠፍጥፏል። ይህ የሄርፒስ ቤተሰብ ቫይረስ ሥራ ነው።

ምርመራው የማይነግረንም አለ። ሄርፒስ 1ን ከሄርፒስ 2፣ ወይም ከአልማዝ ባለጭራ ቫይረስ አይለይም። ስላይዱ ባዶ ቢሆን ኖሮም ሄርፒስ የለም ማለት አንችልም ነበር። ምርመራው ሄርፒስ እያለም ሊያመልጠው ይችላል። በእሳቸው ላይ ግን መልኩ፣ ቦታው፣ ታሪኩና ስላይዱ ወደ አንድ አቅጣጫ አመለከቱ።

ሕክምናው

የሄርፒስ መድኃኒት የሆነውን አሳይክሎቪርን በደም ሥር መስጠት ነበር የተፈለገው። በዚያ ሳምንት አልተገኘም። ስለዚህ እንክብሉ በትንሽ ውሃ ተሟሙቶ፣ አፋቸው በሊዶኬይን ከደነዘዘ በኋላ እንዲውጡ ተደረገ። 400 ሚሊግራም በቀን 5 ጊዜ። ኩላሊታቸው ክሬአቲኒን በሚባለው የደም ምርመራ ታየ፤ ደህና ነበር። መድኃኒቱ በደረቀ ሰውነት ላይ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል ግሉኮስና ሳላይን ተሰጣቸው።

ስቴሮይዱ ላይ ክርክር ነበር። አንዱ ወገን «ቫይረስ ካለ ይቁም» አለ። አይቆምም። ለሁለት ወር በዚህ መጠን የወሰደ ሰው፣ የሰውነትን የራሱን ስቴሮይድ የሚያመርተው አድሬናል ዕጢው ተኝቷል። በድንገት ማቆም ለሞት ሊያደርስ ይችላል፤ ፔምፊገሱም ይነሳል። ስምምነቱ ከ80 ወደ 60 መልሶ፣ ከዚያ አፉን እያዩ መቀነስ ሆነ። አዛታዮፕሪኑ ለጊዜው ቆመ።

በሦስተኛው ቀን ውሃ ያለ ሊዶኬይን ጠጡ። በሰባተኛው ቀን የላንቃው ትንንሽ ቁስሎች ገጥመዋል። የጉንጩ ቁስል ግን አልተነካም። ይህ ሁላችንንም አሳመነን። አሳይክሎቪር ፔምፊገስን አያድንም። ቫይረሱ የወረረውን ቦታ አድኖ የፔምፊገሱን ቦታ መተዉ የትኛው የማን እንደነበር ለይቶ አሳየ።

ሙሉው መጠን 10 ቀን ተሰጠ። ከዚያ ስቴሮይዱ ከፍ ባለበት ጊዜ ሁሉ 400 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ለመከላከያ እንዲቀጥል ታዘዘ።

ያልሠራው

የቀን አምስት ጊዜ መድኃኒት ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ሆስፒታል ውስጥ ሰዓቱ በነርሶቹ እጅ ነበር። የመጨረሻዎቹን ቀናት ቤት ሆነው እንዲጨርሱ ሲወጡ ማዘዣው ላይ 6፣ 10፣ 2፣ 6፣ 10 ተብሎ ተጻፈላቸው። በፈረንጅ አቆጣጠር ማለት ነው። ቤት ውስጥ 10 ሰዓት ከቀትር በኋላ ነው፤ 6 ሰዓት ደግሞ እኩለ ቀን። ልጅቷ ግራ ገብቷት ደወለች። መደወሏ ጥሩ ሆነ። ወረቀቱ «ማለዳ 12፣ ረፋድ 4፣ ቀን 8፣ ማታ 12፣ ሌሊት 4» ተብሎ ተስተካከለ።

ከዚያም ጾሙ ነበር። ዐቢይ ጾም ስለነበር እስከ 9 ሰዓት አፋቸው ላይ ምንም አያደርጉም። ይህን ለማንም አልነገሩም፤ ማንም አልጠየቃቸውም። የታወቀው ክትትል ሲመጡ እንክብሎቹ ተቆጥረው ሲተርፉ ነው። ሐኪሙ «ይተዉት» ቢላቸውም አልተዉም ነበር። የነፍስ አባታቸው «መድኃኒት ነው፤ ውሰጂ» ሲሏቸው ነገሩ አለቀ።

ሦስተኛው መቋረጡ ነው። የመከላከያው አሳይክሎቪር በከተማቸው ጠፍቶ ሳይወስዱ ሳምንታት አለፉ። ከንፈራቸው ነዘረ። በዚህ ጊዜ ግን ልጅቷ ታውቃለች። በማግስቱ ይዛቸው መጣች፤ ሕክምናው ተጀመረ፤ ነገሩ ከከንፈር አላለፈም። ፕሬድኒሶሎኑም አንድ ሚሊግራም አልተጨመረም።

የመጨረሻ ክትትላቸው ላይ ፕሬድኒሶሎን 10 ሚሊግራም ደርሷል፤ አዛታዮፕሪኑ ተመልሷል። ግራ ጉንጫቸው ላይ ትንሽ ቁስል አለ። በርበሬ አሁንም ያቃጥላቸዋል።

ለሌላ ታካሚ የሚጠቅመው

በስቴሮይድ ላይ ያለ ሰው አፉ ሲብስበት ጥያቄው «ስንት እንጨምር?» ከመሆኑ በፊት «ይህ ቁስል ከፊተኛው ጋር አንድ ነው?» መሆን አለበት። የስህተቱ ዋጋ በሁለቱም በኩል እኩል አይደለም። ሄርፒስ ሳይኖር ለጥቂት ቀናት አሳይክሎቪር የወሰደ፣ ኩላሊቱ ደህና የሆነ ሰው ብዙም አይጎዳም። መድኃኒቱ በዋናነት የሚነቃው ቫይረሱ ባለበት ሕዋስ ውስጥ፣ በራሱ በቫይረሱ ኢንዛይም ነውና። ሄርፒስ እያለ ስቴሮይድ መጨመር ግን ለቫይረሱ በር መክፈት ነው። ስለዚህ ምርመራው እስኪደርስ ስቴሮይዱን ባለበት ይዞ መቆየት፣ ጥርጣሬው ጠንካራ ከሆነም አሳይክሎቪር መጀመር፣ ለእኔ የተሻለው መንገድ ነው።

ታሪክ ሲወሰድ ጥያቄው ታካሚው በሚያውቀው ቋንቋ ይሁን። «ሄርፒስ ነበረብዎት?» ቢባል መልሱ «የለም» ነው፤ እንዲያውም እንደ ስድብ ሊቆጠር ይችላል። «ምች ከንፈርዎ ላይ ይወጣል? በዓመት ስንት ጊዜ?» ቢባል ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። መልሱ ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት ካርድ ላይ ቢሰፍር፣ ከወራት በኋላ ለሚመጣው ተረኛ ሐኪም ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ይህን ጉዳይ አንብቦ ሥር የሰደደ የአፍ ቁስል ሁሉ ቫይረስ ነው ብሎ መነሳት ሌላ ስህተት ነው። ቫይረስና እነዚህ በሽታዎች የሚገናኙበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። ሄፓታይተስ ሲና ላይከን ፕላነስን እንውሰድ። በጣሊያንና በጃፓን በተደረጉ ጥናቶች ላይከን ፕላነስ ያለባቸው ሰዎች ላይ ሄፓታይተስ ሲ በብዛት ተገኝቷል። በሌሎች አገሮች ግን ግንኙነቱ ደካማ ነው፤ ወይም አይታይም። እዚያ ቫይረሱ ሳያገረሽ፣ መከላከያውን የሚያነሳሳ ነው የሚመስለው። በእኚህ እናት ላይ ደግሞ ቫይረሱ የመጣው በሕክምናው በተከፈተው በር ነው። ሦስተኛም አለ፦ ቫይረሱ ምንም ሳያደርግ እዚያ መገኘቱ። ሄርፒስ ጤነኛ ሰው ምራቅ ውስጥ በየጊዜው ይፈስሳል። ፒሲአር ደግሞ ጥቂቱንም ይይዛል። ቁስሉ ሄርፒስ የማይመስል ሰው ላይ «ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ብቻ ይዞ ሕክምና መቀየር አያስኬድም።

አፍ ላይ ብቻ የሚቀባ ስቴሮይድ የሚጠቀሙ የላይከን ፕላነስ ታካሚዎችም ከዚህ አያመልጡም፤ አደጋው ግን ያነሰ ነው። እነሱን በብዛት የሚያስቸግረው ፈንገሱ ነው። ፈንገሱ ታክሞ ሕመሙ ካልቀነሰ ላንቃውን በብርሃን አይቶ ትንንሽ ክብ ቁስሎች መፈለግ ተገቢ ነው።

ለአስታማሚዎች የሚነገረውም አጭር ነው። ከንፈር ሲነዝር ቅርፊት እስኪሠራ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ይደወላል። ቁስሉን የሚነካ ሰው ጓንት ያድርግ፣ እጁን ይታጠብ። ሕጻን አይሳም። ዳማከሴውን መቀባት የሚፈልግ አልከለክልም፤ ለሐኪሙ መንገሩን ግን አይተው።